«አዲስ ነው» የተባለው ክኒን

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ መናኸሪያ፣ የደሴው ሚኒባስ እስኪሞላ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰው ከኋላዬ «ያ ዱክቶር» ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ካጋጠመኝ ዓመታት አልፈዋል። ዞር ብዬ ሳየው የፊት ጥርሶቹ የረገፉ፣ ሆዱ የገፋ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ጎልማሳ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ሳለን ጡዋል ኬላ ላይ ወደ የመን ከሚሻገሩት መኪናዎች ሲሚንቶ ሲያወርድና ሲጭን የማውቀው እንድሪስ መሆኑን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ተቃቀፍን፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን። ገና ስለ ልጆቹ ሳልጠይቀው ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን እያሻሸ፣ «ለዚህ ነገር አዲስ የወጣ መድኃኒት የለም?» አለኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ተለያይተን፣ አገር ቀይረን፣ ሁለታችንም ሸብተን፣ ያው ጥያቄ። እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ያን ጊዜም አልነበርኩም። አቡ ዓሪሽ ውስጥ የአንድ መድኃኒት ቤት ወለል እጠርግ፣ ካርቶን እሸከም፣ መደርደሪያ እወለውል ነበር። ይህን ለእንድሪስ ያን ጊዜ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት አላህ ያውቃል። አሁንም ነገርኩት። «አውቃለሁ፤ ግን አንተ ለነገሩ ቅርብ ነህ» አለኝ። መጥረጊያ ይዞ መቅረብ መቅረብ ከሆነ እውነቱን ነው። ሚኒባሱ ሞላና ተሳፈርኩ፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ሁሉ ከራሴ ጋር እየተጨቃጨቅሁ፣ ያ አገርና ያ ዘመን ሳልጠራው መጣብኝ።

መድኃኒት ቤታችን ጎማ በሚሸጥ የመናዊና ሻሂ በአንድ ሪያል በሚያፈላ ባንጋሊ መካከል ነበር። ወበቁ የጠዋት ሸሚዝህን ሳይረፍድ ከጀርባህ ጋር ያጣብቀዋል። በክረምቱ ወራት ደግሞ ከበረሃው የሚነሳው አቧራ ሰማዩን ቡናማ አድርጎት ይሰነብታል፤ ያኔ እኔ የጠረግሁትን መደርደሪያ በየሰዓቱ ተመልሼ መጥረግ ነው ሥራዬ። ከዐስር ሶላት በኋላ ግን ከተማዋ ሌላ ትሆናለች። የመናውያን ልጃገረዶች ሳይሆኑ ሽማግሌዎች በየማዕዘኑ ተቀምጠው በክር የተሰካ ነጭ አበባ ይሸጣሉ። ፉል ይሉታል፤ እኛ ለቁርስ የምንበላው ፉል መስሎኝ መጀመሪያ ቀን ዳቦ ይዤ ሄጃለሁ። ከተራራው የሚወርዱት ወንዶች ያን አበባ እንደ ዘውድ ራሳቸው ላይ ያስሩታል፣ ከወገባቸው በታች ፉጣ፣ ከፊት ጩቤ። እንዲህ አምሮባቸው መጥተው ከፊት ለፊታችን ይቆሙና የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ጀዲድ አለ?» አዲስ አለ ወይ ማለታቸው ነው። ለሳሉም ጀዲድ፣ ለወገቡም ጀዲድ፣ ለሚስትየውም ጀዲድ። የእኛ ሰዎችም ከእነሱ ተማሩት፤ ወይም ይዘውት መጥተው ነበር፣ አላውቅም። ዓርብ ዓርብ ከጂዛን፣ ከጡዋል፣ ከዳማድ እየመጡ ክፍሌ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ አንዱ በስልኩ የወሎ ዘፈን ይከፍታል፤ በአምስት ሪያል ሚሞሪ ካርድ ላይ መቶ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ነበር። ዘፈኑ ሳያልቅ ዙሩ ወደ እኔ ይመጣል፤ «ያ ዱክቶር፣ አዲስ ምን ገባ?»

ይህ «አዲስ» የሚሉት ቃል እንዴት እንዳሰለቸኝ ልናገር። አንድ ሰሞን የትኩሳት ክኒን የሚሠራው ፋብሪካ የካርቶኑን ቀለም ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ለወጠው። ክኒኑ ያው፣ ልኩ ያው፣ ዋጋው ያው። አንድ ሳምንት ሙሉ ጭቅጭቅ ሆነ። ግማሹ ሰው «አዲሱን ስጠኝ፣ እሱ ይፈውሳል» ይላል፤ ግማሹ «ይሄ አዲሱ ልብ ያደክማል፣ የድሮውን አምጣ» ብሎ ካርቶኑን ይመልሳል። መድኃኒት ቀማሚያችን ዶክተር ዑስማን የሚባል የካሳላ ሱዳናዊ ነበር፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የሚያናድድ ትዕግሥት ያለው ሰው። ከሁለቱም ካርቶን ክኒን አውጥቶ መስተዋቱ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጥና «ምረጡ» ይላል። ሰው አይቶ፣ ልዩነት አጥቶ፣ ከዚያ ደግሞ ይመርጣል። እኔ እቃጠላለሁ፤ እሱ ይስቃል። ጀዲድ አለ ወይ ሲሉት ሁልጊዜ የሚመልሰው በጥያቄ ነው፤ «ለማን ነው አዲስ የሚሆነው? ለበሽታው ነው፣ ለአገሩ ነው፣ ወይስ ላንተ?» ገዢው ይህንን ሰምቶ ወደ ሌላው መድኃኒት ቤት ይሄዳል፤ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤትም በየወሩ እየመጣ፣ ሰው አባረርክ ብሎ ይቆጣዋል።

ከድጃ የአክስቴ ልጅ ልጅ ናት። «አጎቴ» ትለኛለች። ከሐርቡ ተነስታ፣ ባሕሩን በጀልባ፣ የመንን በእግር አልፋ፣ ያለ ወረቀት የገባች ናት፤ ዳማድ ውስጥ ማማ ሳሊሓ የሚሏት ባሏ የሞተባት ባለ እርሻ ሴት ቤት ትሠራ ነበር። እኔ በሕጋዊ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለምሠራ ለቤተሰቡ ኃላፊዋ እኔ ነበርኩ፤ ማንም ሳይሾመኝ። ከድጃ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። አገር ቤት ሳለች ጤና ጣቢያ ፊኖባርቢታል የሚሉትን ትንሽ ነጭ ክኒን ይሰጧት ነበር። አባቷም ሳይወለድ የነበረ መድኃኒት ነው። ይይዝላታል፤ ግን ያፈዛታል። እናቷ «ልጄ ቆማ ታንቀላፋለች፣ ጎረቤት ሰነፍ ይላታል» እያለች ታለቅስ ነበር። ስትሰደድ ያን ክኒን በጨርቅ ቋጥራ ነው የወጣችው፤ ዳማድ በገባች በጥቂት ወር አለቀ። ለማንም አልተናገረችም፤ የታመመች ሠራተኛ ማን ይቀጥራል? አንድ ቀን ማጀት ውስጥ ወደቀችና የምድጃው ጠርዝ ቅንድቧን ከፈተው።

ማማ ሳሊሓ ክፉ ሴት አልነበረችም። አቡ ዓሪሽ ወዳለ የግል ክሊኒክ ይዛት መጣች። ኢቃማ የሌለው ሰው ካርድ ስለማይወጣለት በራሷ ስም ካርድ አወጣች፤ ሐኪሙም ነገሩን ገብቶት ማዘዣውን በማማ ሳሊሓ ስም ጻፈው። በዚያ ዘመን ብዙ ነገር እንዲህ ነበር የሚሠራው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ማዘዣውን እኛ ጋ ይዘው መጡ። ዶክተር ዑስማን አነበበው፣ የከድጃን በፋሻ የታሸገ ቅንድብ አየ፣ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ካርቶን አወረደ። ስሙ ሌቬቲራሴታም ይባላል። ስሙን ለመያዝ እኔ ወር ፈጅቶብኛል።

ከድጃ ካርቶኑን አገላብጣ አየችው። «አጎቴ፣ ይሄ ከዚያኛው ጋር አይመሳሰልም።»

«አዎ፣ ይሄ አዲስ ነው» አልኳት።

«አዲስ ማለት ምን ማለት ነው? ማን ቀምሶታል?»

እኔም ወለል ጠራጊው፣ ኩራት ያዘኝና «አዲስ ማለት ከአሮጌው ይሻላል ማለት ነው። ያ የድሮ ነገር ነው፣ እሱን እርሽው» አልኳት።

ዶክተር ዑስማን ምን እንደተባባልን ጠየቀኝ። በዓረብኛ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እኔ እንደሱ አላልኩም። የአሮጌውን ክፋት እናውቀዋለን፤ ብዙ ሰው ውጦት ነግሮናል። የዚህን ክፋት ገና እየሰማን ነው። አዲስ ማለት እሱ ብቻ ነው። በል፣ ይህንን ንገራት።» እኔ ግን ለከድጃ «እንኳን ደስ ያለሽ እያለ ነው» ብዬ ተረጎምኩላት። እስከ ዛሬ በዚህ ራሴን እረግማለሁ። ክፋት አስቤ አይደለም፤ እንድትፈራ ስላልፈለግሁ ነው። ደግሞም እውነቱን ለመናገር የዑስማን ነገር አሰልችቶኝ ነበር። ሰው ታሞ መጥቶ፣ ተስፋ ሲጠይቀው እሱ ጥያቄ ይመልስለታል።

ክኒኑ ሠራ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር፣ አልወደቀችም። ከዚያም በላይ ነቃች። ዓርብ እኔ ጋ ስትመጣ የማላውቃት ልጅ ናት የምትመጣው። ጨዋታ ትጨርሳለች፣ የገበያ ዋጋ ታስታውሳለች፣ በዳማድ ሸለቆ ማሳ መሐል መንገድ ላይ ስንት የማንጎ ዛፍ እንዳለ ቆጥራ ትነግረኛለች። ጥቁር ዓባያዋ ሥር ቢጫ ነጠላ ጫማ ታደርግ ነበር፤ ከጂዛን የዓሣ ገበያ አጠገብ በአሥር ሪያል የገዛችው። በአካሄዷ ድምፅ ከበር ውጭ እለያት ጀመር። ነገር ግን ቁጣም አብሮ መጣ። አንድ ቀን ማማ ሳሊሓ ደወለችልኝ፤ «ያ ሁሴን፣ ይህች ልጅ ምን ሆነች? ሩዙ ጨው በዛበት ብላት ጭልፋውን ወርውራ ወጣች። ድሮ ዝም ትል ነበር።» ለዶክተር ዑስማን ነገርኩት። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን የታጠፈ ወረቀት ዘርግቶ በጣቱ አንድ መስመር አሳየኝ፤ አንዳንድ ሰው ላይ ብስጭት ያመጣል ይላል። «ወይ መድኃኒቱ ነው፤ ወይ ደግሞ ነቅታ ያለችበትን ቤት አየችው። ከዚህ ወረቀት ላይ አይለይም» አለኝ። እስኪ ይህንን መልስ ይዤ ማማ ሳሊሓን ምን ልበላት? «ትለምደዋለች» ብያት ዘጋሁ።

ወሬው በእኛ ሰው ዘንድ ተሰማ። ከድጃ አዲስ መድኃኒት አገኘች፣ ሰው ሆነች ተባለ። ከዚያማ መቀመጫ አሳጡኝ። እንድሪስ ከጡዋል ድረስ ሁለት መኪና ቀይሮ መጥቶ ለወገቡ «የከድጃን አዲስ» ጠየቀኝ። ሌላው ለሚያስፈራ ሕልም፣ አንዷ አገር ቤት ላለች መካን እህቷ። ለወገብ አይሆንም፣ ለሚጥል በሽታ ነው ስላቸው የከለከልኳቸው ይመስላቸዋል። «ለዘመድህ ሲሆን አገኘህ» ያለኝም አለ። ዛሬ ሳስበው፣ እነዚያ ሰዎች ሌት ከቀን ሲሸከሙ የሚውሉ፣ ነገ የት እንደሚያድሩ የማያውቁ ነበሩ፤ ከወደ አንድ ቦታ አዲስ ነገር ይመጣል ብለው ካላሰቡ ያንን ኑሮ እንዴት ይችሉት ነበር? ያን ጊዜ ግን ይህ አልታየኝም። የታየኝ የሚያደርቀኝ ሰው ብዛት ብቻ ነው።

ከዚያ ያ ሰሞን መጣ። ወረቀት የሌለው ያስተካክል ተባለ፣ ቀን ተሰጠ፣ ቀኑ ተራዘመ፣ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ተሰለፈ፣ ከዚያ ቀኑ አለቀ። መንገዱ ሁሉ ፍተሻ ሆነ። ዓርብ ክፍሌ የሚመጣው ሰው ከሃያ ወደ ስድስት፣ ከስድስት ወደ ሁለት ወረደ። ከድጃን ከዳማድ ወደ አቡ ዓሪሽ ስትመጣ ከታክሲ ላይ አወረዷት። የምትመጣው የወሩን ክኒን ከእኔ ልትወስድ ነበር። ቤት የቀራት የሁለት ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ማማ ሳሊሓ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ። ወደ አገር የሚመለሱትን ወደሚያቆዩበት ግቢ፣ እኛ ተርሒል ወደምንለው ወሰዷት። በማግሥቱ ጠዋት በሰው ስልክ ደወለችልኝ። ድምጿ የተረጋጋ ነበር። «አጎቴ፣ እኔ ደህና ነኝ። ክኒኔን ብቻ አምጣልኝ።»

ካርቶኑንና ማዘዣውን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሜ ተራዬ ደረሰ። ዘቡ ወጣት ነው፤ ደክሞታል፤ እሱም እንደኔ ላብ በላብ ሆኗል። ማዘዣውን አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄ የሳዑዲ ሴት ስም ነው። ሳዑዲ ተርሒል ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ስሙ የአሠሪዋ ነው፤ መድኃኒቱ የልጅቷ ነው» አልኩት።

«ታዲያ የልጅቷ ስም ያለበት ወረቀት አምጣ።»

«ኢቃማ ስለሌላት በስሟ አይጻፍላትም።»

«ኢቃማ ስለሌላት ነው እኮ እዚህ ያለችው» አለኝ፤ እንደ ትልቅ መልስ። በቃ፣ ኸላስ፣ የሚቀጥለው። እኔ ምን ልል እችላለሁ? የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፣ አንዱም ግን አይጠቅምም። ማማ ሳሊሓ ጋ ዳማድ ድረስ ሄድኩ፤ መጥታ መድኃኒቱ የከድጃ ነው ብላ ትመስክር ብዬ። በሩን ሙሉ በሙሉ አልከፈተችልኝም። አይኗ እንባ አቅርሯል፣ ውሸት አልነበረም። «ያ ሁሴን፣ ያለ ወረቀት ሰው አሠርቻለሁ ብዬ በአፌ ልመስክር? እኔ ላይ ጣጣ አታምጣ» አለችኝና የቀረውን የሁለት ቀን ክኒንና ቢጫውን ጫማ በፌስታል ሰጠችኝ። በታክሲ ስመለስ የተናደድኩት በእሷ ይሁን፣ በዘቡ ይሁን፣ በራሴ ይሁን መለየት አቃተኝ።

ዶክተር ዑስማን ታሪኩን ሰምቶ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠና መጻፍ ጀመረ። ይህ ሰው ፊርማውን የሚሰስት ነበር፤ እሱም በሰው አገር በከፊል፣ ማለትም በዋስ አሠሪው፣ ሥር ያለ ስደተኛ ነው፤ ደብዳቤው እክል ቢያመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። የመድኃኒት ቤቱን ማኅተም መታበት። አመስግኜው ደብዳቤውን ሳነበው ግን ደሜ ፈላ። ውስጥ ላለው ሐኪም የተጻፈ ነው። ይህች ሴት የሚጥል በሽታ አለባት፣ መድኃኒት በድንገት ሊቋረጥባት አይገባም፣ የምትወስደው ካልተገኘ በእጃችሁ ያለውን፣ ፊኖባርቢታልም ቢሆን ስጧት ይላል።

«ለምን አሮጌውን ጻፍክ? አዲሱን አስገቡላት ብለህ አትጽፍም?» አልኩት።

«አዲሱን ከጠየቅሁ ‹የለንም› ብለው ወረቀቱን ይመልሱታል። አሮጌው ግን በሁሉም መሳቢያ ውስጥ አለ።»

«አንተ መጀመሪያም አልወደድክላትም። ያ ክኒን ያፈዛታል፣ ሰው መሆኗን ይወስድባታል።»

የዚያን ቀን ብቻ ነው ዑስማን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት። «ሁሴን፣ አንተ መድኃኒቱን እንደ ልብስ ነው የምታየው። ይሄ አዲስ ነው፣ ያ ያረጀ ነው። እኔ ልጅቷ ሲሚንቶ ወለል ላይ ስትወድቅ ነው የሚታየኝ። ፈዛ ትኑር። ከነቃችና ከሞተች ምን ይጠቅማታል?» ደብዳቤውን ይዤ ወጣሁ። ዘቡ ካርቶኑን አልተቀበለኝም፤ ደብዳቤውን ግን ማኅተሙን አይቶ ተቀበለ። ውስጥ ያለው ሐኪምም ዑስማን እንዳለው አሮጌውን ሰጣት።

እሷ ግን አልዋጠችውም። ከእሷ ጋር ከተያዙት ሴቶች አንዷ፣ ብርቱካን የምትባል የጎጃም ሴት፣ ስልክ ነበራት፤ በእሷ ስልክ አገናኘችን።

«ከድጃ፣ የሰጡሽን ዋጭ።»

«አጎቴ፣ ይሄ ያ አሮጌው ነው። አወቅሁት። እርሽው አላልከኝም?»

«ብዬሻለሁ። ተሳስቼ ነው።»

«አልተሳሳትክም። በዚያኛው ነው የነቃሁት። እንደ ድሮዬ ፈዝዤ እናቴ ፊት ልቁም? ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርኩት?»

«ሐኪሙ ያን ቀን ያለውን ሌላ አድርጌ ነው የተረጎምኩልሽ» አልኳት። «አዲስ ስለሆነ ይሻላል አላለም። ገና ብዙ አናውቀውም ነው ያለው። ያንን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ከበስተኋላዋ የሴቶችና የሕፃናት ድምፅ ይሰማኛል። «ታዲያ አሁን የምትለኝንስ በምን አምናለሁ?» ብላ ስልኩን ለብርቱካን መለሰችላት።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ብርቱካን ደወለች። ከድጃ ለውኃ ተሰልፋ ቆማ ሳለች ወደቀች። ሰዎቹ እንደ አገራችን ልማድ ክብሪት ጭረው ጭሱን ሊያሸቷት ሲሉ ብርቱካን ከልክላ በጎኗ አስተኛቻት፤ የራሷ ወንድምም ይኸው በሽታ ነበረበት። «ጭንቅላቷን አልመታትም። ምላሷን ግን ነክሳዋለች። ወንድም ጋሼ፣ አሁን ነቅታለች፤ ላቅርብልህ?» አለችኝ። ከድጃ መናገር አልቻለችም፤ የትንፋሿን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። እኔም ምክሬን ሁሉ ጨርሼ ነበር። ብርቱካን ናት ነገሩን የያዘችው፤ ጠዋትና ማታ ክኒኑን በእጇ ይዛ ከፊቷ ትቀመጣለች። «ዋጭው፣ ከዚያ ስደቢኝ» ትላታለች አሉ። ከድጃም ትውጥና ትሰድባታለች። እንዲህ እየሆኑ ሁለት ሳምንት ቆዩና በአንድ አውሮፕላን አዲስ አበባ ገቡ። አንዷ ወደ ጎጃም፣ አንዷ ወደ ወሎ ተለያዩ።

እኔም ብዙ አልቆየሁም። በተከታዩ ዓመት ከፊሌ ኢቃማዬን ሳያድስልኝ ቀረ፤ ለመለማመጥ አቅሙም ፍላጎቱም አልነበረኝም። የመጨረሻ ቀን ዶክተር ዑስማን ያን ክኒን ስድስት ካርቶን በገዛበት ዋጋ ሸጠልኝ። ሲሰጠኝ «ሐኪሟን ሳታማክር እንዳትቀይር» አለኝ። «እሺ» አልኩት፤ ሆዴ ግን ሌላ ያስባል። በሻንጣዬ ውስጥ ከሰዎች ስጦታ በላይ፣ ከራሴ ልብስ በላይ አስቀመጥኩት። ያጠፋሁትን የምክስበት መንገድ አገኘሁ ብዬ ነበር። ሐርቡ የወረድኩት የጤፍ አጨዳ ሰሞን ነው። ከድጃ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግታ ትሸጣለች። ትንሽ ወፍራለች፣ አነጋገሯም ቀስ ብሏል። ሰላም ተባባልን፤ ስለ ዳማድ፣ ስለ ማማ ሳሊሓ፣ ስለ ብርቱካን ተጫወትን። ከተመለሰች ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወደቀችው፤ ጤና ጣቢያው ልኩን አስተካክሎላታል። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ጭኗ ላይ ደረደርኩላት።

አየቻቸው። አንዱን ከፍታ ወረቀቱን አወጣችና መልሳ አጠፈችው። «ስንት ወር ይሆናል ይሄ?»

«ስድስት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… እዚያ ያለ ሰው ይልክልኛል።»

«ማን? አንተ እኮ መጥተሃል። እነሱ ሁሉ መጥተዋል።» ቁጣ የለበትም፤ ሒሳብ እንደምታስረዳኝ ነው። «ስድስት ወር ነቅቼ፣ ከዚያ ሲያልቅ እንደዚያ ቀን ልውደቅ? አሁን እኮ ከጎኔ ብርቱካን የለችም። እዚህ መኪና መንገድ ላይ ነው የምውለው፣ አጎቴ።»

ተናደድኩ። አዎ፣ ተናደድኩ። ያን ሁሉ አገር ተሸክሜ መጥቼ፣ ጉምሩክ ላይ ተለማምጬ፣ «አይሆንም» ትለኛለች። እልኸኛ ናት ብዬ ለእናቷ ከሰስኳት። የደሴው ሐኪም ዘንድ ስወስዳቸውም መድኃኒቱን በመጽሐፍ እንደሚያውቀው፣ በእጁ ግን እንደሌለ፣ የሚቀጥል ነገር ከሌለ ባይጀመር እንደሚሻል ነገረኝ። የዑስማን ታናሽ ወንድም ይመስል። ካርቶኖቹን ለሆስፒታሉ ተውኩለትና ለከድጃ ሄጄ ነገርኳት። እሷም ከደብተር ወረቀት ቀድዳ ከብዕር ጋር ሰጠችኝ።

«ስሙን በአማርኛ ጻፍልኝ» አለችኝ። «በየወሩ ክኒኔን ልወስድ ስሄድ እጠይቃቸዋለሁ።»

ጻፍኩላት። በየወሩ ጠየቀች። ነርሶቹ «ያቺ ሌቬ» የሚል ስም አወጡላት ይባላል፤ ገና ከበሩ ስትገባ «አልመጣም» ይሏታል። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር እንደ ገና እናደዳለሁ፤ በነርሶቹም፣ በመንገዱ ርዝመትም፣ ከአንድ አገር መደርደሪያ ወደ ሌላ አገር መደርደሪያ ለመድረስ የሰውን ዕድሜ በሚበላው ነገር ሁሉ። አገባች። ሽንኩርቱን ወደ ሱቅ አሳደገችው። ወረቀቱ አርጅቶ ሲቀደድ በሌላ ወረቀት ገለበጠችው፤ ፊደሉን አንዱን አሳስታ።

ከዚያ አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ዓመቱን እንኳ አሁን በትክክል አላስታውሰውም፣ ስልኬ ጮኸ። ከደሴ ሆስፒታል ግቢ ነው የምትደውለው።

«አጎቴ፣ መጣ።»

«ምኑ?»

«የጻፍክልኝ። በየወሩ ይመጣል፣ አይቋረጥም ብለውኛል። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። ይሄ ለእኛ አዲስ መድኃኒት ነው፣ ብዙም አልሞከርነውም፣ ስለዚህ የሚሰማሽን ሁሉ እየመጣሽ ትነግሪኛለሽ አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«እኔ አውቀዋለሁ አልኩት። ከየት አለኝ። ከዳማድ አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቁጭ በይ አለኝ። መጀመሪያ ምን ሆንሽ፣ ስንት ወር ወሰድሽ፣ ንዴቱስ፣ ሲቋረጥስ እያለ ይጠይቀኛል። ውጭ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ እሱ ካርዱን ሞልቶ ሌላ ወረቀት አወጣ። አሁን እሱ ለምሳ ሲወጣ ነው የደወልኩልህ፤ አልጨረስንም።»